ዓሣ የመረቅኩበት ማለዳ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። አገር ቤት ሳለሁ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፣ ማታ ማታ ጅብ የሚሆን ጎረቤት አለን ሲባል «ልብሱን የት ነው የሚያስቀምጠው?» ብዬ የምጠይቅ፣ ቡዳ በላው የተባለ ልጅ ሁሉ ወስፋት ነው ያለበት እያልኩ ከአክስቶቼ ጋር የምጣላ፣ ሕልሜን እንኳ ለሰው ነግሬ የማላውቅ ደረቅ ሰው ነኝ። አሁን ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ሆቴል ሥር ያለ የፓርኪንግ ጋራዥ ሱፐርቫይዘር ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ የማየው መኪናና ካሜራ ነው፣ ካሜራ ደግሞ እስካሁን ጋኔን ቀርጾ አላሳየኝም። እመኑኝ፣ ይኼን ታሪክ ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ «ምን ጠጥተህ ነበር?» ነበር የምለው። እኔ ግን ያን ጠዋት የጠጣሁት ከነዳጅ ማደያ የገዛሁትን ቡና ብቻ ነው፣ እሱም ግማሹ መኪና ውስጥ ፈሶብኝ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በሁዳዴ ጾም ነው። ባለቤቴ ሰናይት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል፣ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ አንዲት የሕፃን ካልሲ እንኳ አልገባችም ነበር። ሐኪሟ ሐሙስ ዕለት በማሽን አየቻትና ጽንሱ ከወሩ በጣም አንሷል አለችን። «ሰኞ እንደገና እንለካዋለን፣ ካላደገ ግን እዚያው ከሚቀጭጭ በጊዜ ማውጣት ይሻላል» አለች። በሰባት ወሩ፣ ያውም ያነሰ። ሥጋ ብዪ፣ እንቁላል ብዪ፣ ወተት ጠጪ ብላ አዘዘቻት፣ ሰናይት ግን ጾም ነው ብላ አሻፈረኝ አለች፤ የነፍስ አባቷ «ነፍሰ ጡር አትጾምም» ብለው ቢቆጧትም «አባ፣ ሁለቱን ያጣኋቸው እኮ እየበላሁ ነው» አለቻቸው። እሺ ያለችው ዓሣ ብቻ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ትቼ ከገበያ ገዝቼ ባመጣላት ገና ሲሸታት አስመለሳት። አምሮቷ ገና ከውኃ የወጣ፣ ጋሽ ታፈሰ በእጃቸው ያጠመዱት ዓሣ ነበር፣ ልጅ ሆና ዝዋይ ትበላው እንደነበረው።

ጋሽ ታፈሰ አጎቷ ናቸው፣ ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ ለእኔ አማቴ ማለት ናቸው። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደጉ፣ እዚህ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ ከታክሲው የተረፈ ጊዜያቸውን ሁሉ ያሳለፉት ዘንግ ይዘው ውኃ ዳር ነው። ስለ ዓሣ የማያውቁት ነገር የለም፣ የማይቀበሉት ግን አንድ ነገር አለ፣ እሱም ሕግ ያወጣው የዓሣ ርዝመት ገደብ ነው። ሜትር ይዘው አያውቁም። «የኔ ስንዝር ዘጠኝ ኢንች ናት፣ ጸጉር አታጎድልም» ይላሉ፣ እኔም የአስተማሪ አመሌ አላስቀምጥ ብሎኝ አንድ ቀን በማስመሪያ ለክቻት እውነትም ዘጠኝ ሆና አግኝቻታለሁ።

ዓርብ ማታ ወደ መኝታ ቤት ስገባ ሰናይት በልብስ ሰፊ ሜትር ሆዷን ስትለካ አገኘኋት። ሐኪሟ ስትለካት አይታ ነው፣ በየማታው ትለካለች፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ያን ማታ ሦስቴ ለክታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሰው ሚስቱ ስታለቅስ የሚለው ሲያጣ የሚሠራውን አያውቅም፣ ሜትሩን ከእጇ ነጥቄ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና «ሁለተኛ እንዳትለኪ!» ብዬ ጮህኩባት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቅዳሜ ጋሽ ታፈሰን ከቤታቸው አንስቼ ዘወትር የሚያጠምዱበት ሐይቅ ዳር ስንደርስ ጎህ እየቀደደ ነበር። ዙሪያውን ጫካ የከበበው ትንሽ ሐይቅ ነው፣ ወደ ውኃው የሚገባ የእንጨት መረማመጃ አለው፣ መግቢያው ላይ ከዘጠኝ ኢንች ያነሰ ክራፒ ወደ ውኃው ይመለስ የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ክራፒ ብርማ፣ ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨበት፣ ጎኑ እንደ መዳፍ ሰፋ ያለ ዓሣ ነው፣ ሥጋው ነጭና ጣፋጭ፣ ከንፈሩ ግን በጣም ስስ ስለሆነ መንጠቆ ቶሎ ይቀደዋል። ያን ጠዋት ጉሙ ወፍራም ነበር፣ ከመረማመጃው ጫፍ ሁለት ሜትር አያሳይም፣ ከእኛ በቀር ማንም የለም። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ጸጥታውን ነው። እዚያ ሐይቅ ዝይ ጠፍቶ አያውቅም፣ ሲንጫጫ ጆሮ ያደነቁራል፣ ያን ጠዋት ግን አንድም ድምፅ የለም። ጋሽ ታፈሰ «ጉም ሲሆን ዝም ይላሉ» አሉ፣ እኔም አመንኳቸው።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይተን የመጀመሪያው ዓሣ በእኔ ዘንግ ወጣ። ትንሽ ነው፣ ከግራ ዓይኑ ሥር እንደ ጥፍር ቁራጭ የተቆለመመ ነጭ ጠባሳ አለው፣ መንጠቆውን ሳወጣለት የላይኛው ከንፈሩ ትንሽ ተቀደደ። ጋሽ ታፈሰ ስንዝራቸውን ዘረጉበት፣ ጣታቸው ጭራውን አልፎ ሄደ።

«ይሁን፣ ባልዲ ውስጥ ክተተው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አልደረሰም እኮ።»

«በዚህ ጉም ማን ያየሃል?»

«የፓርኩ ጠባቂ ሬንጀር ቢመጣና የቅጣት ቲኬት ቢሰጠንስ?»

«አይ የፓርኪንግ ሰው! ሕልምህም ቲኬት ነው።»

እጄን ኪሴ ብከት የሰናይትን ሜትር አገኘሁት። ሳላስብ ዘርግቼ ለካሁት፣ ድፍን ሰባት ኢንች። «ይኸው፣ ሁለት ይጎድለዋል» አልኩ፣ እሳቸውም የሠላሳ ዓመት ክርክራቸውን ጀመሩ።

«ስማኝ ሙሌ፣ ይኼ ሐይቅ ድንክ ዓሣ ነው የሞላው። ምግቡ ትንሽ፣ አፉ ብዙ። ያነሰውን መልስ፣ ያነሰውን መልስ እያሉ ሁሉንም አቀጨጩት። ይኼን ሊሚት የሚሉትን ገደብ ያወጣው ሰው ዓሣ በሳህን እንጂ በውኃ አያውቅም።»

«ጊዜ ቢሰጠው ያድጋል፣ አንዴ እንኳ ይውለድ ተብሎ ነው።»

«አያድግም አልኩህ! አንዴ የቀጨጨ ቀጨጨ ነው፣ ዓመት ብትጠብቀው ያው ነው። ዝም ብሎ በጊዜ ማውጣት ነው።»

ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ሁለታችንም ደነገጥን። ሐሙስ ዕለት ከሐኪሟ አፍ የሰማሁት ነው፣ ለእሳቸውም በስልክ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። «እኔ እኮ ስለ ዓሣው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አውቃለሁ» አልኩ፣ ግን ደሜ ፈልቷል፣ እልህ አናቴ ላይ ወጥቷል፣ ዓሣውን አንስቼ ከመረማመጃው ጫፍ ጎንበስ አልኩና ጮክ ብዬ፣ እሳቸው እንዲሰሙኝ፣ «እደግ ተመንደግ!» ብዬ ለቀቅኩት።

መቼም ታውቁታላችሁ፣ ሽማግሌ ለታዘዘው ልጅ የሚሰጠው ምርቃት ነው፣ ሁላችንም ውኃ አቀብለን ተመርቀንበታል። እኔ ለማሾፍ ነው ያልኩት። ጋሽ ታፈሰ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ምን አልክ?»

«መረቅኩት።»

«ምርቃት ለልጅ ነው። የሚመረቅ እቤትህ እያለ ለዓሣ ትሰጣለህ?» አሉና ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈ። «ይኼ ሜትር የማን ነው?»

«የሰናይት ነው፣ ሆዷን የምትለካበት።»

አማተቡና ወደ ዘንጋቸው ዞሩ። እኔ ሳቅኩ። ልብ በሉልኝ፣ ያኔ ሳቄ መጥቶ ነበር።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው፣ ነፋስ ሽው አይልም፣ ውኃው እንደ ተነጠፈ ነው፣ ክሩ ላይ ያለችው ቀይ ተንሳፋፊ ኳስ ግን ቀስ እያለች ወደ እኔ መምጣት ጀመረች። ዓሣ ሲይዝ ኳሷ ወደ ታች ነው የምትሰጥመው፣ ይቺ ግን አልሰጠመችም፣ ቀጥ ብላ መጣችና እግሬ ሥር ቆመች። ዘንጉን ሳነሳ ዓሣ ይዟል። ከግራ ዓይኑ ሥር የተቆለመመ ነጭ ጠባሳ አለው፣ የላይኛው ከንፈሩ የተቀደደ ነው። ለካሁት፣ ስምንት ኢንች።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ወዲያው ምክንያት ፈለግኩለት፤ ወንድሙ ይሆናል፣ ከንፈሩን ሌላ ሰው ቀዶት ይሆናል፣ ወይ መጀመሪያ ስለካው ጭራውን አጥፌበት ይሆናል። ጋሽ ታፈሰን «ይዩት እስቲ» አልኳቸው፣ ከሩቅ አዩትና «መልሰው፣ አፍህንም ዝጋ» አሉኝ። አፌን ዘግቼ መለስኩት።

ድምፁን የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ውኃው የመረማመጃውን ምሰሶ የመታ መሰለኝ፣ ግን ውኃው አይንቀሳቀስም፣ ድምፁም በጣም ፈጣን ነው፣ ከእግራችን ሥር ከጣውላው በታች፣ ዱክ ዱክ ዱክ ዱክ፣ የሚጋልብ ፈረስ ኮቴ የመሰለ። «ትሰማለህ?» አሉ ጋሽ ታፈሰ። በሆዴ ተኝቼ በጣውላው ስንጥቅ አየሁ፣ ጥቁር ውኃ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። «የሆነ ፓምፕ ይሆናል» አልኳቸው። ዋሽቼ ነው። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ሰናይትን ይዤ በሄድኩ ቁጥር ሐኪሟ የጽንሱን የልብ ትርታ ከማሽኑ ታሰማናለች፣ እኔም መኪና ውስጥ ብቻዬን ስሆን በአፌ እለማመደዋለሁ።

መሄድ ነበረብን፣ አውቃለሁ። ግን ባልዲው ባዶ ነው፣ ሰናይት የረባ ነገር ካልበላች ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ ስለዚህ ሚስማር እንደያዘው ሰው እዚያው ቀረሁ። ጆሮዬ ድምፁ ላይ ስለነበር መንጠቆው ላይ ምግብ ሳልሰካ ባዶውን ውኃው ላይ ተውኩት። ባዶ መንጠቆ፣ እመኑኝ፣ ምንም ያልተሰካበት። ትንሽ ቆይቼ ልሰበስበው ዘንጉን ሳነሳ ከበደኝ። አልታገለኝም፣ አልተወራጨም፣ ዝም ብሎ ወጣ። ያው ጠባሳ፣ ያው ከንፈር። ጣውላው ላይ ሳስቀምጠው እንደ ዓሣ አልዘለለም፣ በጎኑ ተኝቶ ያየኛል። ሜትሩን አጠገቡ ስዘረጋ፣ እጄን ሳልጭንበት፣ ተጣጥፎ የነበረውን ጭራውን ቀስ ብሎ ዘርግቶ ከሜትሩ ጎን ቀጥ አለ።

ዘጠኝ።

ጋሽ ታፈሰ ተንበርክከው ስንዝራቸውን አስቀመጡበት፣ ከአፉ እስከ ጭራው ልክክ አለ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ጋሼ፣ ሕጉን ሞልቷል» አልኳቸው፣ ድምፄ የእኔ አይመስልም። «ልውሰድላት።»

«አብደሃል? ይኼ በምን እንዳደገ አላየህም?»

«ለዚህ እኮ ነው የምወስደው! የልጄን ምርቃት ከሆነ የበላው፣ እናቱ ትብላውና ወደ ቤቱ ይመለስ።»

አዎ፣ እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጅብ ልብሱን የት ያስቀምጣል የምለው ሰውዬ። ቢላዋውን ከማጥመጃ ዕቃ ሳጥኑ አወጣሁ። ጋሽ ታፈሰ እጄን አንቀው ያዙኝ፣ በሰባ ዓመታቸው እንዲያ ያለ ጉልበት አላቸው ብዬ አላስብም ነበር።

«የተመረቀ አይታረድም። ለክተኸዋል፣ ስንት ጊዜ ለክተኸዋል፣ በልጅህ ሜትር! ይኼን ስትቆርጥ ምን እንደምትቆርጥ ታውቃለህ?»

«ብለቀውስ አውቃለሁ?»

ዓሣው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል። እጄ በእጃቸው እንደተያዘ ቆመን ሳለ አንድ ነገር ታወቀኝ፣ ከጣውላው ሥር ያለው ድምፅ እየዘገየ ነው። ዱክ ዱክ የነበረው ዱክ... ዱክ... ሆኗል። የዓሣው አፍ ሲዘገይ ድምፁም ይዘገያል። ጋሽ ታፈሰም ሰምተውታል፣ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ እጄን ለቀቁኝ። ከዚያ ድምፁ ቆመ።

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ፣ ዓሣውን በሁለት እጄ አፈስኩት፣ በደረቴ ተኝቼ እስከ ክንዴ ድረስ ውኃው ውስጥ ነከርኩት። ውኃው በረዶ ነው። አይንቀሳቀስም። ወደ ፊት ወደ ኋላ ገፋ ሳብ አደርገዋለሁ፣ አይንቀሳቀስም። ፈራሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፣ እንደ ሕፃን እያለቀስኩ «እባክህ፣ አብራችሁ እደጉ፣ አንተም እደግ፣ የኔም ይደግ፣ አብራችሁ» አልኩት። መዳፌን በጭራው አንዴ መታኝና ሄደ። ከጣውላው ሥር ፈረሱ እንደገና ጋለበ፣ መጀመሪያ ከሥራችን፣ ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ከዚያ ጉሙ ውስጥ።

ጋሽ ታፈሰ «ቃል ገባህ» ብቻ አሉኝ።

ጉሙ ሲገለጥ ዝዮቹ መንጫጫት ጀመሩ፣ ሁለት ቤተሰቦች ወንበርና ምሳቸውን ይዘው መጡ፣ አንደኛው ሰውዬ «ዛሬ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀን። «ምንም የለም» አልነው። እሳቸውን ሲልቨር ስፕሪንግ አድርሼ ወደ ቤቴ ነዳሁ።

ቤት ስገባ ሰናይት ሶፋው ላይ ተቀምጣ ዳቦ በሱፍ እየበላች ነው። ዓሣ አላገኘንም ብዬ ይቅርታ ልጠይቃት ስል «ተወው፣ አምሮቱ ለቀቀኝ» አለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ሙሌ፣ ዛሬ ጠዋት ሞቼ ነበር። በድንገት ጸጥ ብሎብኝ ነበር እኮ፣ ብነካው ብነካው ዝም፣ አንተ ጋ ደውዬ ስልክህ አይሠራም፣ አምቡላንስ ልጠራ ስል ዘሎ ረገጠኝ።» ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሰዓቱን ብታውቀውም ማወቅ አልፈለግኩም።

ሰኞ ሐኪሟ ለካችው፣ ደግማ ለካችው፣ የሐሙሱን ወረቀት አየችና «አድጓል፣ ምናልባት ባለፈው የለካነው ትክክል አልነበረም ይሆናል» አለች። ሰናይት እዚያው አልጋው ላይ እያለቀሰች ሳቀች። ልጃችን በወሯ፣ ሙሉ ሆና ተወለደች። ጋሽ ታፈሰ በየእሑዱ እየመጡ ያቅፏታል፣ ዘንጋቸውን ለጎረቤት ሰጥተዋል፣ ስለዚያ ጠዋት ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። እኔም ቀስ በቀስ ወደ ደረቅነቴ ተመለስኩ፣ ጉም ነው፣ ድንጋጤ ነው፣ ሁለት የሚመሳሰሉ ዓሦች ናቸው እያልኩ።

ባለፈው ሳምንት የዘጠኝ ወር ምርመራዋ ነበር። ነርሷ ወረቀት ላይ አስተኛቻት፣ አናቷ ጋ መሥመር አሰመረች፣ እግሯን ዘርግታ ተረከዟ ጋ መሥመር አሰመረች፣ ለካች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ እንደገና አስተኝታ ለካች። «በስድስት ወሯ ከለካናት በግማሽ ኢንች አጥራለች» አለችና ሳቀች፣ «ይንፈራገጣሉ፣ ያጋጥማል፣ ክብደቷ በጣም ጥሩ ነው።» ሰናይትም ሳቀች፣ እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። ሕፃን እንደማያጥር አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እንዲያ እንደምትሉኝም አውቃለሁ።

ሥራ ስገባ ከጋራዡ ውስጥ ለጋሽ ታፈሰ ደወልኩ። የተባለውን ነገርኳቸው።

«በስንት አልክ?»

«በግማሽ ኢንች።»

ከዚያ «የማጥመጃ ፈቃድህ አለ?» አሉኝ።

«ጊዜው አልፏል።»

«ዛሬውኑ አሳድሰው» አሉና ስልኩን ዘጉት።

አሳደስኩት። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ «አብራችሁ እደጉ» ያልኩትን ዓሣ ፍለጋ እንሄዳለን፣ ሄደን ምን እንደምናደርግ ግን እሳቸውም አልነገሩኝም፣ እኔም ለመጠየቅ ድፍረቱን አላገኘሁም።